«ቤቱን ልቀቂ» ከመባልሽ በፊትና ከተባልሽ በኋላ

ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው። ወሩ ሊያልቅ አምስት ስድስት ቀን ሲቀረው አከራይሽ በር ላይ ቆመው፣ ቡና ቀርቦ እንኳን «አልቀመጥም» ብለው፣ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ይሉሻል። ወይም «ላድሰው ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ እውነቱን ይናገራል፤ ጨምሮ የሚከራይ ሰው አግኝቷል።

በአንቺ የምጽፈው ቀን ቤት የምትገኚው፣ ቃሉንም ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ስለሆንሽ ነው። አባወራውም ያንብበው። እኔ ደሴ ውስጥ በኪራይ ቤት ነው ያደግኩት። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሦስት ልጅ አሳድጋለች። ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ስድስት ቤት ቀይረናል፣ ከስድስቱ አራቱን የለቀቅነው ወደን አይደለም። ያኔ ብናውቅ ኖሮ የምላቸውን ነገሮች ነው እዚህ የማስቀምጠው።

የመጀመሪያዋ ማታ

ወዲያው አትመልሺ። «እሺ እትዬ፣ ሰምቻለሁ፣ ከአባቱ ጋር ተነጋግሬ ቅዳሜ እነግርዎታለሁ» በይና ዝም በይ። «እወጣለሁ» ካልሽ በኋላ ያቺ ቃል ትያዝብሻለች፣ «አልወጣም» ካልሽ ደግሞ ጠቡ በዚያው ማታ ይጀመራል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ለምንና እስከ መቼ። መልሱን ከነቀኑ ደብተር ላይ አስፍሪ፣ አብሮ የሰማ ጎረቤት ካለም ስሙን ጨምሪ።

ወረቀት አምጥተው «ፈርሚ» ካሉሽ አትፈርሚ። «ነገ አስነብቤ» በይ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። አንደኛዋ አከራይ «ለቀበሌ ነው» ብለው ያስፈረሟት ወረቀት የሦስት ወር ኪራይ ዕዳ አለብኝ የሚል ሆኖ ተገኘ። እናቴ ያን ሦስት ወር በእጇ ከፍላለች፣ አንዱን ወር እንዲያውም ብሩን ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ግን ደረሰኝ የለም፣ ያየ ሰው የለም። ታኅሣሥ ነበር፣ የደሴ ብርድ አጥንት የሚገባበት ጊዜ። ጓዛችን ጋሪ ላይ ተጭኖ እኛ ከኋላ በእግር ስንሄድ ምጣዱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋው ነበር፣ ምክንያቱም ምጣዱ ከተሰበረ የነገ እንጀራ የለም። እስከ ዛሬ ያችን መንገድ ሳልፍ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ወረቀት

ብሩን በእጅ አትስጪ፣ የምትችዪ ከሆነ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኪና ምክንያቱ ላይ «የጥር ወር ኪራይ» ብለሽ ጻፊበት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ዳኛ ፊት ስትቀርቢ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። አከራይሽ በእጅ ካልሆነ አልቀበልም የሚሉ ዓይነት ከሆኑ አንዲት ደብተር ግዢ፣ በየወሩ ቀኑንና መጠኑን ጽፈሽ ስትከፍዪ አስፈርሚያቸው። «አላምን ብላኝ ነው» ብለው እንዳይቀየሙ ደብተሩን ከመጀመሪያው ወር ጀምሪው። በስድስተኛው ወር ብድግ ብለሽ ፈርሙልኝ ካልሽ ግን ቅር መሰኘታቸው አይቀርም።

ውልም በጽሑፍ ይሁን። አንዳንድ አከራይ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት በሦስት ሺህ የሚያከራየውን ቤት ውሉ ላይ አንድ ሺህ ብለን እንጻፈው ይላል። አትስማሚ። ጠብ ሲመጣ የሚነበበው የተጻፈው ነው፣ ሁለት ሺህውን በየወሩ መክፈልሽን የምታስረጂበት መንገድ አይኖርሽም። ሐሰት የተጻፈበት ወረቀት ላይ ደግሞ የፈረምሽውም አንቺ ነሽ።

የምትኖሪው ቀበሌ ቤት ውስጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ዛሬም በርካሽ የሚኖርባቸው እነሱ ናቸው። ውሉ በስምሽ ከሆነ እሰየው፣ ክፍያሽን አታስተጓጉዪ። ከቀበሌ ተከራይቶ መልሶ ለአንቺ ካከራየ ሰው ጋር ከሆንሽ ግን እንዲህ ያለው ማከራየት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ስለሆነ መሬቱ ከእግርሽ ሥር የሚንሸራተት ነው። አትደርጊው ማለት ለእኔ ቀላል ነው፣ ሌላ ያላገኘ ይገባበታል። ብቻ ሌላ ቤት እየፈለግሽ ኑሪ።

ሕጉ ምን ይላል

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ደላላም ሆነ አከራይ ይህን አይነግርሽም። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው እንጂ አከራዩ ጠዋት ሲነሳ ደስ ባለው ቁጥር አይደለም።

ሕጉ በሁሉም ከተማ በአንድ ቀን አልተጀመረም። በክልል የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ደሴም ሁኚ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኚ ቆቦ፣ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ቤቶችን ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሂጂና «የኪራይ ውል ምዝገባ እዚህ ተጀምሯል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ውልሽንና መታወቂያሽን ያዢ። ተጀምሯል ካሉሽ አስመዝግቢ። አልተጀመረም ቢሉሽም የጽሑፍ ውልና የክፍያ ማስረጃ ያላት ሴት ምንም ከሌላት ጋር እኩል አይደለችም።

በር ነቅለው፣ መብራት ቆርጠው

ይህ ክፉው ነው። አከራይ አንዳንዴ «ልቀቂ» ካለ በኋላ ቀኑን አይጠብቅም። የጋራ ቆጣሪውን ያጠፋል፣ ውሃውን ይዘጋል፣ ሥራ ሄደሽ ስትመለሺ ቁልፉ ተቀይሮ ታገኚያለሽ። አንዳንዱ ደግሞ የቆርቆሮውን በር ነቅሎ ይወስዳል። ዕዳ ቢኖርብሽ እንኳን ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በገዛ ጉልበቱ ዕቃሽን አውጥቶ ሊጥል አይችልም። ኪራይ ካልተከፈለው መንገዱ መክሰስ ነው።

እንዲህ ከደረሰብሽ መጀመሪያ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ጎረቤት ጥሪ፣ ከዚያ ፖሊስ። ድንጋይ አታንሺ፣ ልጆቹንም ወደ ጠቡ አታስጠጊ። ፖሊስ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል፣ ያኔም ቢሆን መጥቶ ያየውን እንዲመዘግብልሽ ለምኚ። ከዚያ ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ሰው «ለዳኝነት የምከፍለው የለኝም» ብሎ ይቀራል። እናቴም እንዲሁ ቀረች። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ሳይከፍል እንዲከስስ ይፈቅዳል። አቅም እንደሌለሽ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌ ታወጫለሽ። ክሱን የሚጽፍልሽ ከፈለግሽ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያለው ነው፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበትን ቦታ ጠይቂ። የከተማውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ሕፃናት ምን እንደሚያደርግ ጠይቂው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ አቤቱታ የሚጽፈው ሰው መጥፎ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ነፃውን ሞክሪ።

ሽማግሌ መላክ

እውነቱን ልንገርሽ፣ በእኛ አገር አብዛኛው የኪራይ ጠብ የሚያልቀው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ነው። ወሎ ላይ ሽምግልና አሁንም ይሠራል። ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል። ግን አላላኩን ማወቅ አለብሽ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አንቺን የሚወድ ሰው አትላኪ፣ አከራይሽ የሚያከብሩትን ሰው ላኪ። የአከራይሽን ቅሬ (እድር) የሚመራ፣ አብሯቸው የሚሰግድ ወይም የንስሐ አባታቸው የሆነ። ባዶ እጁንም አትላኪው። ዕዳ ካለብሽ ግማሹን፣ ግማሹ ከሌለሽ ሩቡን ይዞ ይሂድ። «ታሳዝናለች» የሚለው ልመና አንድ ሳምንት ነው የሚቆየው። ይልቅ ቀን ጠይቂ፣ ያውም ምክንያት ያለው ቀን። «ልጄ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለበት፣ እስከ ሰኔ ይታገሡኝና ሐምሌ አንድ ቀን ቁልፉን አስረክባለሁ» ስትዪ አከራይም ይሰማል፣ ሽማግሌውም የሚናገረው ያገኛል። ከተስማማችሁ በኋላ ቡናው ሦስተኛው ሳይጠጣ ስምምነቱ በአንዲት ገጽ ይጻፍ፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት።

ስለ አከራይም አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሀብታም አይደለም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከኋላ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራይተው በዚያችው ብር መድኃኒት የሚገዙ ባል የሞተባቸው እናቶች አውቃለሁ። ለእነሱ የአንድ ወር ኪራይ መቅረት ረሃብ ነው። እንዲህ ላለችው አከራይ መደበቅ ግፍ ነው። ብር እንደማይሞላልሽ ካወቅሽ በሃያኛው ቀን ሄደሽ ንገሪያት እንጂ ሠላሳኛው ቀን ላይ በር ዘግተሽ የለሁም አታስብዪ። በጊዜ የተነገረ ችግር ይታገሡታል፣ የተደበቀ ችግር ግን እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ብሩ ከየት ይጎድላል

ካየሁት ሰው ሁሉ ከቤት የወጣው ኪራይ ስለጨመረ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሚጀምረው ከበሽታ ነው። ልጅ ይታመማል፣ የኪራዩ ብር ሆስፒታል ይገባል፣ በቀጣዩ ወር የሁለት ወር ይጠየቃል። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ውስጥ ግቢ። ይህ ነገር በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የኛው ተሁለደሬ ነበረች፣ ሐይቅ አካባቢ የኖረ ሰው ያስታውሰዋል። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ደሃ መንግሥት የሚከፍልበት መንገድም አለ፣ ስሙ የሚመረጠው በቀበሌ ነው።

የከተማ ሴፍቲኔትንም ጠይቂ፤ ለከተማ ደሃ የሚደረግ የመንግሥት ድጋፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ጉልበት ያለው በአካባቢ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ ከክፍያውም 20 በመቶው ይቆጠብለታል። መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

እዚህ ላይ ተከራይ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁለቱም የሚጠይቁት የነዋሪነት መታወቂያ ነው። ተከራይ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር መታወቂያው የቀድሞው ሰፈር ላይ ይቀራል፣ አዲሱ ቀበሌ አያውቀውም፣ ደሃ ሲቆጠር ስሙ አይነሳም። ከሁሉ የባሰ የተቸገረው ሰው ከመዝገብ ውጭ የሚሆነው እንዲህ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ቤት በቀየርሽ በመጀመሪያው ወር ከድሮው ቀበሌ መሸኛ አውጥተሽ አዲሱ ጋ ተመዝገቢ። አከራዩ ለቀበሌ አልመሰክርም የሚል ሰው መሆኑን ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት እወቂ። «ለመታወቂያ ይመሰክሩልኛል?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ፣ አይሆንም ካለ ሌላ ቤት እዪ።

ዕቁብ ካለሽ ዳኛውን ቀርበሽ ችግርሽን ንገሪው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን እንዲለቅልሽ ያስማማልሻል። የሱቁን ዱቤ ባለሱቁን አስፈቅደሽ አቆዪው፣ ኪራዩን አስቀድሚ፣ ባለሱቅ ከቤት አያስወጣሽም። አራጣ ግን አትበደሪ። በወንጀል የተከለከለ ነው፣ ደግሞም አንድ ወር አድኖሽ ዓመት ሙሉ ይበላሻል።

ቅሬን በተመለከተ ለሰፈሩ ሰው የምለው አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። በቁሙ ሜዳ ላይ ለወደቀ ቤተሰብ ግን የቅሬው ደንብ ውስጥ ምንም አልተጻፈም። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ አንድ ሰው ተነስቶ «የአንድ ወር ኪራይ ያለ ወለድ የሚያበድር ትንሽ ሣጥን ይኑረን» ቢል ብሩ አይጠፋም። አንቺም ሰፈር ስትቀይሪ ከድሮው ቅሬሽ አትውጪ፣ መዋጮሽን እየላክሽ ቆዪ። አዲሱ ሰፈር እስኪያውቅሽ ድረስ ሰው ያስፈልግሻል።

የግድ ከወጣሽ

አብሽሪ። ወጣሽ ማለት አለቀልሽ ማለት አይደለም። ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቺ።

ከምጣዱም ከፍራሹም በፊት ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል አድርጊ። መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የልጆቹ የትምህርት ካርድ፣ የጤና መድኅን ደብተር፣ ውሉና የክፍያ ማስረጃው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወጣ። ሲመለስ ብዙው ወረቀቱ ጠፍቶ ነው ያገኘው፣ ዕቃውን ከተካ በኋላ እንኳን ወረቀት ፍለጋው ስንቱን ወር አመላለሰው። ፌስታሉን አንቺው ያዢው፣ መኪና ላይ አትጫኚው።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አታስወጪ። ወሰነ ትምህርቱ እስኪያልቅ ትንሽ ቢርቅም ወደ ድሮው ይመላለሱ። መምህሩን ሄደሽ «ቤት ቀይረናል፣ ሊያረፍድ ይችላል» በዪው። እኔ በዚያ ታኅሣሥ ሁለት ወር ከትምህርት ቀርቻለሁ፣ ማንም ስላልተናገረ ያቋረጥኩ ተብዬ ስሜ ተሰርዞ ነበር።

አዲስ ቤት ስትፈልጊ ኪራዩን ብቻ አትዪ። እንደ ገራዶ ወይም ጢጣ ወጣ ወዳሉት ሰፈሮች ስትሄጂ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ግን የታክሲውን ሒሳብ ደምሪበት፣ አንዳንዴ ልዩነቱ እዚያው ያልቃል። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ሦስት አራት ሆነው በደባልነት አንድ ክፍል ስለሚይዙ አከራይ ከባለ ልጅ ይልቅ እነሱን ይመርጣል፣ ይህን አውቀሽ ሂጂ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የብቻ ይሁን የጋራ፣ ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀም ጠይቂ። «ስንት ልጅ አለሽ?» ሲሉሽ እውነቱን ተናገሪ። እናቴ አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን አክስቴ ጋ ደብቃ «ሁለት ናቸው» ብላ ገባች። በሁለተኛው ወር ተያዝን፣ በሦስተኛው ወጣን። ወንድሜ እስከ አሁን ያነሳዋል፣ በእሱ የተነሳ የተባረርን መስሎት ነበር።

በመጨረሻ የምትለቂውን ቤት ባዶውን ፎቶ አንሺው። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርም እንዲሁ። ቅድሚያ የከፈልሽው ቀሪ ብር ካለ ቁልፉን ከማስረከብሽ በፊት ተቀበዪ። ከዚያ ሁለት ሰው ባለበት «ከተከራይዋ የምፈልገው ዕዳ የለም» የምትል አንዲት መስመር አስጽፈሽ አስፈርሚ። ቁልፉን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ትተሽ አትሂጂ፣ ራስሽ በእጃቸው ስጪያቸው።